በማር ጠርሙስ የናጥኩት የግሪክ ማባያ

አማቴ መብላት ያቆሙት ሐኪሙ ጨውና ቅቤ የከለከላቸው ዕለት ነው። እኔ ያ ሐኪም ብሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ቃል ለሲዳማ ሽማግሌ ከመናገሬ በፊት ወንበር አቀርብላቸው ነበር። እሱ ግን እሳቸው ገና ሸሚዛቸውን እየቆለፉ ሳለ፣ ከወረቀቱ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ጨው የለም፣ ቅቤ የለም፣ ጥሬ ሥጋ የለም። ጎመንና ሰላጣ ያብዙ» አላቸው። የደም ግፊታቸው ሰማይ ነክቶ ስለነበር አልተሳሳተም። አነጋገሩ ግን አናደደኝ።

አማቴ የባሌ አባት ናቸው። ጉልበታቸው እስኪደክም ድረስ ከባድ መኪና ሲነዱ፣ ከይርጋለም አዲስ አበባ ቡና ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። በር ላይ ቆመው ሰላም ሲሉ ጓዳ ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ያን ቀን ግን ድምፅ አላወጡም። ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ ባጃጅ ውስጥ ገቡ፣ ቤት እስክንደርስ መንገድ መንገዱን ብቻ አዩ። ለሕክምና ብለው ከሚስታቸው ጋር ከይርጋለም መጥተው ከተማ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ እኛ ቤት ነበር ያረፉት። ማታ እራት ሲቀርብ አንዴ ጎረሱና እጃቸውን ሰበሰቡ። በማግስቱም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ያችንም አንድ ጉርሻ ተዉአት፤ ሻይና ቁራሽ ዳቦ ብቻ ሆነ።

«ጨው የሌለው ወጥ ምን ይባላል?» አሉኝ አንድ ቀን፣ ሳህኑን ወደ እኔ እየገፉ።

«የጤና ወጥ ይባላል አባባ።»

«የሬሳ ወጥ ነው። ሬሳ ደግሞ አይበላም።»

ሳህኑን አነሳሁ።

ሰው ሁሉ ተረባረበባቸው። ባሌ ለመነ። እማማ የምላቸው የባሌ እናት ለመኑ። ጎረቤት መጥቶ ለመነ። «በሞቴ!» ተባለ፣ «አፈር ስሆን!» ተባለ፣ ጉርሻ ተጠቅልሎ እስከ ከንፈራቸው ተወሰደ። እሳቸው አፋቸውን ገጥመው ወደ ግድግዳው ዞር ይላሉ። ሱሪያቸው ወገባቸው ላይ አልቆም ሲል እማማ ቀበቶውን በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሱለት። እንዲህ እያልን አንድ እሑድ ባሌን ጠርተው፣ «ቤቴ ውሰደኝ። መሞቴ ካልቀረ ቡናዬ ሥር ልሙት። የሰው ቤት አልሞትም» አሉት።

የሰው ቤት! የልጃቸው ቤት የሰው ቤት ሆነና አረፈው።

ባሌ ጓሮ ወጥቶ አለቀሰ። አባቱ ፊት አያለቅስም፣ እኔ ፊትም አያለቅስም፤ ፊቱን ታጥቦ ሲገባ ግን ዓይኑ ያሳብቅበታል። «ቅዳሜ መኪና ይዤ እወስዳቸዋለሁ» አለኝ።

«ለመሞት?»

«ምን ላድርግ? አስሬ ላስቀምጣቸው?»

«ቅዳሜ ገና ነው» አልኩት። ምን እንደማደርግ ግን እኔም አላውቅም። እልህ ብቻ ያዘኝ። ከጉራጌ ነጋዴ ቤት ነው የተወለድኩት፤ እኛ ቤት እንግዳ ጠግቦ ይወጣል እንጂ ተርቦ ሞተ አይባልም። ደግሞ እኚህ ሰውዬ እንግዳም አይደሉ፣ በሠርጌ ዕለት ከአባቴ ቀጥሎ የመረቁኝ ሰው ናቸው። እወዳቸዋለሁ። ሲቆጡም፣ ሲያንጓጥጡኝም እወዳቸዋለሁ።

መናኸሪያ አጠገብ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አለኝ። ሰኞ ጠዋት እዚያ ሆኜ ባልዲ እየደረደርኩ ሳስብ፣ አንድ ጊዜ ነጋዴዎች ተሰብሰቡ ተብለን ሐይቅ ዳር ካለ ሆቴል የበላነው ምሳ ትዝ አለኝ። የግሪክ ሰላጣ ተብሎ ነበር የቀረበልኝ። ቲማቲም፣ ኪያር፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ከላዩ ነጭ አይብ። ሰላጣውስ ያው ሰላጣ ነው፤ ጉድ ያሰኘኝ የፈሰሰበት ማባያ ነበር። ኮምጠጥ ያለ፣ ለስለስ ያለ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ከሩቅ የሚጣራ። ሳህኑን በዳቦ ጠርጌ ሳበቃ አጠገቤ የተቀመጠችው ነጋዴ፣ «ተይ እንጂ፣ ለአጣቢዋም ሥራ ተይላት» ብላ ስቃብኛለች። ታዲያ ያን ማባያ ሳስብ ነው ባልዲውን ከእጄ የጣልኩት። አፍን እንዲህ የሚቀሰቅስ ኮምጣጣ ነገር ካለ ጨው ማን አባቱ ይፈልገዋል!

ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮ ፈለግሁ። አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ የወይራ ዘይት፣ ሎሚ፣ አቼቶ፣ የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት፣ ሰናፍጭ፣ ቁንዶ በርበሬና ኦሬጋኖ የሚባል የደረቀ ቅጠል ጠርሙስ ውስጥ ከተተች፤ ክዳኑን ገጠመችና ናጠችው። አለቀ! እኛ አንድ ድስት ወጥ ለማውጣት ግማሽ ቀን ከሽንኩርት ጋር የምንታገል ሰዎች፣ ሴትዮዋ አንድ ዘፈን ሳያልቅ ጨርሳ ቁጭ አለች። ሴትዮዋ ጨውም ጨምራለች፤ እሱን እኔ እዘለዋለሁ አልኩ።

በቀላሉ ግን እጅ አልሰጠኝም። ቤት ያለው ዘይት ያ የሚረጋው ነው። ምን ልዩነት አለው ብዬ በሱው ናጥኩት፣ ቲማቲሙ ላይ አፈሰስኩት፣ ይቀዝቅዝ ብዬ ፍሪጅ ከተትኩት። ማታ ሳወጣው ቲማቲሙ ላይ ሻማ የቀለጠበት መስሏል። ባሌ በሹካ ነካ ነካ አድርጎ፣ «ግሪኮች ይሄን ነው የሚበሉት?» አለ።

«ዞር በልልኝ!» አልኩት። ሳቅሁ ግን። እዚያ ቤት ከተሳቀ ሰንብቶ ነበር።

በማግስቱ ሱፐርማርኬት ገብቼ የወይራ ዘይቱን ዋጋ ሳይ፣ ጠርሙሱን የተኛ ሕፃን እንደማስቀምጥ ቀስ ብዬ መለስኩት። ተናድጄ ቤቴ ገባሁ። ከዚያማ አያችሁልኝ፣ እዚያው የገዛ ወጥ ቤቴ መደርደሪያ ላይ፣ ከስኳሩ ጀርባ፣ የወይራ ዘይት የሚል ጠርሙስ ተገትሯል! ማን አመጣው፣ መቼ መጣ፣ ምንም አልጠየቅሁም። ባሌ ለፀጉሬ ገዝቶልኝ ረስቶት ይሆናል አልኩ። እግዜር ሲሰጥ አድራሻ አይጠይቅም።

ሐሙስ ሱቁን በጊዜ ዘግቼ ገባሁ። አባባ ሳሎን ሶፋው ላይ ናቸው፣ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ። እማማ ጸሎት ሄደዋል። ነጭ ሽንኩርት ደቆስኩ። ኦሬጋኖ የሚሉትን የት አገኛለሁ ስል፣ ለሻይ የማስቀምጠው ጦስኝ ሸተተኝ፤ በመዳፌ አሽቼ ጨመርኩት። ሎሚ ጨመቅሁ፣ ከአቼቶው ጠብ አደረግሁ። ዕቃ ፍለጋ ስዞር የምሸጠው ፕላስቲክ ሁሉ እያለ ያነሳሁት የማር ጠርሙስ ነው፤ ፕላስቲክ ነጭ ሽንኩርት አንዴ ከገባበት አይለቅም፣ ደንበኞቼ አይስሙኝ። ናጥኩት። አስቀመጥኩት። ዓይኔ እያየ ዘይቱ ወደ ላይ፣ ሎሚው ወደ ታች፤ ተኳርፈው ለየብቻ ተቀመጡ። ደግሜ ናጥኩ፣ ደግመው ተለያዩ። «ኧረ ባካችሁ!» አልኳቸው። ከዚያ ነው ሰናፍጩን እንደዘለልኩት ያወቅሁት። ከጾም የተረፈ ነበረኝ። በማንኪያ ጫፍ ጨምሬ፣ ክዳኑን አጥብቄ፣ ክንዴ እስኪዝል ናጥኩት። ያዘ! ወፍራም፣ ቢጫ፣ ማንኪያ ላይ የሚቆይ ሆኖ መጣ። በጣቴ ቀመስኩና ብቻዬን ወጥ ቤት ውስጥ ዘለልኩ። ጨው የሌለው ነገር እንዲህ ይጣፍጣል ብሎ ማን ያምናል!

እማማ የገቡት እየዘለልኩ ነው። ዓይናቸው መጀመሪያ እኔ ላይ፣ ከዚያ ጠርሙሱ ላይ፣ ከዚያ ጎድሎ የቆመው የዘይት ዕቃ ላይ ሄደ።

«ዘይቴ!» አሉ፣ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው። ከዚያ ወደ ሲዳምኛ ገቡ፤ እኔ ከሲዳምኛቸው የምሰማው ግማሹን ነው፣ ያን ዕለት ግን ሁሉም ገባኝ። ዘይቱ የተጸለየበት ነው። እማማ ጴንጤ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ወስደው አስጸልየውበት፣ እኔ ማለዳ ወደ ሱቅ ከወጣሁ በኋላ ሁልጊዜ የባላቸውን ግንባር እየቀቡ አምላካቸውን ይለምኑ ኖሯል። እንዲበሉላቸው ነበር የሚለምኑት።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እናቴ ቤት ጸበል የያዘ ጀሪካን አለ፤ አንድ ሰው በሱ ምስር ወጥ ቢሠራበት እናቴ ምን እንደምትል አውቃለሁ። ስለዚህ ደነገጥኩ። ደንግጬ ዝም ብል ደግ ነበር፤ እኔ ግን ስደነግጥ ድምፄ ይጨምራል።

«አንቺ ልጅ፣ የተጸለየበትን ዘይት ከነጭ ሽንኩርት ቀላቀልሽው?»

«እማማ፣ ማን ነገረኝ? ጠርሙሱ ላይ የወይራ ዘይት ይላል እንጂ የተጸለየበት አይልም!»

«አትጠይቂም?»

«ከስኳር ጀርባ የተቀመጠ ዘይት ምኑ ይጠየቃል? ይኸው፣ እንግዲህ ልድፋው!» ብዬ ጠርሙሱን ወደ ማጠቢያው አዞርኩት።

«እንዳትደፊው!» ብለው እጄን ያዙኝ። «የተጸለየበት ዘይት ይደፋል? ቆሻሻ ላይ?»

«እሺ፣ ይበላ?»

«አይበላም!»

ተፋጠጥን። አይደፋ፣ አይበላ። የማር ጠርሙሱን መሐላችን ይዘን ሁለት ትልልቅ ሴቶች ቆመናል። የሰሞኑ ንዴት ሁሉ፣ ልመናውም፣ የቀበቶው ቀዳዳም፣ የባሌ ለቅሶም አንድ ላይ አናቴ ላይ ወጣ። «እንግዲያው ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፣ እኔው እበላዋለሁ!» አልኩ። የከተፍኩት ቲማቲምና ኪያር ላይ ገለበጥኩት፣ ጨው ያልነካው አይብ ፈረፈርኩበት፣ ዳቦ ይዤ ሳሎን ሄድኩና አማቴ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩና በላሁ።

ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ «እንብላ» እንኳ ሳይባል፣ ምራት ፊቱ ዳቦ ታጣቅሳለች። እናቴ ብታየኝ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር። እኔ ግን በቃኝ ብዬ ነበር፤ ለምኜ ለምኜ ጉልበቴ አልቋል። በቲማቲሙ ላይ ያለውን ማባያ በዳቦ እየጠረግሁ፣ ሎሚው በአገጬ እየወረደ፣ ቀና ሳልል በላሁ።

«አንቺ» አሉ አባባ።

ሌላ ዳቦ ቆረስኩ። አፌ ሞልቷል።

«አንቺ ልጅ! ሰው ተቀምጦ ብቻ ይበላል?» ያ ድምፅ፣ ያ የከባድ መኪና ድምፅ! ከክሊኒኩ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

«እርስዎ አልበላም ብለዋል እኮ አባባ።»

«አልበላም ያልኩት የሬሳውን ወጥ ነው። ይሄንን መቼ ጠየቅሽኝ?»

«ሰላጣ ነው። ጨው የለውም።»

«ጨው ከሌለው ምኑ ነው እንዲህ የሚሸተው?» ብለው ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንስተው ሶፋው ላይ ወረወሩት። «ወዲህ በይው።»

ሳህኑን ገፋሁላቸው። ዳቦ ቆረሱ፣ ማባያው ውስጥ ነከሩ፣ ጎረሱ። ፊታቸው ተኮማተረ። ሎሚው ነው። ሊተፉት ነው አልኩ። አላመጡ፣ ዋጡ። ሌላ ዳቦ ቆረሱ። ከዚያ ቲማቲም። ከዚያ አይቡን በጣታቸው። «ሽንኩርቱ በዝቷል» አሉ፣ ሽንኩርቱንም በሉት።

እማማ በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው በሻርፓቸው አፋቸውን ይዘው ያያሉ። ባላቸው ሳህኑን ዘንበል አድርገው የቀረውን በዳቦ ሲጠርጉ፣ መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉና ትከሻዬን ያዙኝ። በአማርኛ ነው ያሉት፣ እኔ እንድሰማ፤ «እኔ ከላይ ከላይ ስቀባው ሰነበትኩ። ለካ ዘይቱ ሆዱ ውስጥ ነው መግባት የነበረበት።»

ሁለታችንም አለቀስን። አባባ፣ «ምን ሆናችሁ? ዳቦ የለም እንዴ?» አሉ።

ዓርብ ጠዋት እማማ ራሳቸው ዘይቱን ከስኳሩ ጀርባ አውጥተው ሰጡኝ። ጠርሙሱን ራሳቸው ናጡት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ። ጸሎት ሲጨርሱ መናጡንም ይጨርሳሉ፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የሳቸው ከኔ ይበልጥ ይይዛል። እስከ ዛሬ እንከራከራለን። እማማ ያበላቸው ዘይቱ ነው ይላሉ፣ እኔ ሰናፍጩና ሎሚው ነው እላለሁ፣ ባሌ ደግሞ የአባቴ እልህ ነው ይላል። ማንም ያብላቸው፣ በሉ!

ቅዳሜ ባሌ የተነጋገረው መኪና በር ላይ መጥቶ ጡሩምባ ነፋ። ሻንጣቸው ከሐሙስ በፊት ታስሮ ሳሎን ጥግ ቆሟል። ባሌ ገብቶ ሻንጣው አጠገብ ቆመ። አባባ ወደሱ ሳይሆን ወደ እኔ ዞሩ።

«ምሳ ምንድን ነው?»

«ያው የግሪኩ ነው አባባ። ዛሬ ባቄላም ቀቅዬበታለሁ።»

«እንግዲያው ሰውዬውን አሰናብተው» አሉት ልጃቸውን። «ከልጄ ቤት ሳልበላ የት እሄዳለሁ?»

ሰምታችኋል? ከልጄ ቤት! ባሌ ሾፌሩን ሊያሰናብት ወጣ፣ ቶሎ አልተመለሰም። ጓሮ ነበር። ያን ቀን የፈለገውን ያህል ያልቅስ ብዬ ተውኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ማባያውን ጎመን ላይ አፈሰስኩ፣ የሐይቁን ዓሣ ጠብሼ ላዩ ላይ አፈሰስኩ፣ ድንች ቀቅዬ አፈሰስኩ፤ ሁሉንም በሉት። ሽንኩርቱ በዛ፣ ነጭ ሽንኩርቱ አነሰ፣ ጦስኙ የት ሄደ እያሉ ተቆጡኝ። ቁጣቸው እንዲህ የሚጣፍጥ አይመስለኝም ነበር። ፀሐይ በረድ ሲል ከባሌ ጋር እስከ ሐይቁ ዳር እየተራመዱ ይመለሱ ጀመር። ወደ ሐኪሙ ስንመለስ ግፊቱን ለካ፣ አላመነም፣ ደግሞ ለካ። «በጣም ጥሩ ነው፤ ምን እየበሉ ነው?» አላቸው፣ በዚህ ጊዜ ቀና ብሎ።

«እሷን ጠይቃት» አሉ፣ በጣታቸው እያመለከቱኝ። እኔ ደግሞ ወንበሬ ላይ ተመቻችቼ ተቀመጥኩና ከነጭ ሽንኩርቱ ጀምሬ ነገርኩት። ሐኪሙ ወረፋ አለብኝ አላለም፤ ቢልም አልሰማውም ነበር።

ቡና ሊለቀም ሲደርስ አባባ አገሬ ልሂድ አሉ። ሊለቅሙ ነው የሚሄዱት፣ ስለ መሞት ምንም አላሉም። ባሌ መኪና ልከራይ ቢል፣ «እኔ ሾፌር ነኝ፤ የኪራይ መኪና ምን ያደርግልኛል? በመናኸሪያ በኩል አልፌ ድሮ የማውቃቸውን ሰላም እላለሁ» አሉና ሚኒባስ ተሳፈሩ። ሊያሳፍራቸው ክንዳቸውን የያዘውን ረዳት ገፍተው ራሳቸው ወጡ። እማማ ከጎናቸው ተቀመጡ፣ የማር ጠርሙሱን በሻርፓቸው ጠቅልለው እቅፋቸው ላይ አድርገው።

እኔ መስኮቱ ሥር ቆሜ ነበር። «በደህና ይግቡ አባባ» ብቻ አልኩ።

መስታወቱን ከፈቱ። «ስሚ፣ ለፍቼ እመጣለሁ» አሉኝ። ፍቼ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፤ ገና ብዙ ወራት ይቀረዋል። «አንድ ሳህን አይበቃኝም። አሁኑኑ ንገሪያት ለዚያች ቲማቲም ሻጭሽ።»

ያ ቡናዬ ሥር ልሙት ያለ ሰው፣ ለሚመጣው ዓመት ቀጠሮ ሰጠኝ። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ እልልታዬን አቀለጥኩት። መናኸሪያው በሙሉ ሙሽራ የመጣ መስሎት ዞረ። ረዳቶቹ አጨበጨቡ፣ ሙዝ የምትሸጠዋ ሴት ለምን እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ ተቀበለችኝ፤ እኔም ሚኒባሱ ከዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ አላቆምኩም።